እንግሊዙ አጎቴ

«አንድ ጊዜ ብቻ ሞኝ ሁንላቸው! ምን ይጎድልብሃል?»

እናቴ ይህን ስትለው ከጠዋት ጀምሮ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል፤ ይፈታል፤ እንደገና ያስራል። በሩ እንደ ልማዱ ተበርግዷል። አጎቴ ገብቶ በር የዘጋበት ቀን አልነበረም። የእንጦጦ ብርድ ከነባሕር ዛፉ ሽታ ቤታችን የሚገባው በእሱ ምክንያት ነው። ከስሙ ይልቅ «በሩን!» ተብሎ የተጠራበት ጊዜ ይበዛል።

«እትዬ፣ ቃል ገብቻለሁ እኮ» አላት።

«የምን ቃል? ምን ተብለህ እንደተጠየቅክ እንኳ ታውቃለህ?»

«አጨበጨቡልኝ።»

በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ምሽት፣ የጦር ግንባር ዜናውና የፋብሪካ ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ፣ የእንግሊዞች ቀልድ ይታይ ነበር። በአንዲት ትንሽ የባቡር ጣቢያ ስለሚሠሩ ሰዎች ነው። ከሁሉም የምንወደው ሻንጣ ተሸካሚውን ነበር፤ ቆቡ ጆሮውን የሸፈነ፣ አፉ ግማሽ የተከፈተ ሰውዬ። አለቃው ገና መናገር ሲጀምር «የስ ሰር!» ብሎ እጁን ግንባሩ ላይ ያደርጋል፤ ትእዛዙን የሚሰማው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰምቶም አይገባውም። ከቢሮ ሲወጣ በሩን ክፍት ይተወዋል፤ ባቡር ሲያልፍ ነፋሱ የአለቃውን ወረቀት ሁሉ ይበትነዋል። የሚነጋገሩት እንግሊዝኛ አብዛኞቻችንን አይገባንም። እሱ ግን ገብቶናል።

ሰፈሩ አጎቴን «እንግሊዙ» ለማለት ጊዜ አልፈጀበትም። አጎቴ ወፍጮ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ቅንድቡ ላይ ያለውን ዱቄት ሳያራግፍ፣ ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚዎች ሊያግዝ ይሮጣል። «እንግሊዙ!» ሲሉት ቀጥ ብሎ ቆሞ «የስ ሰር!» ይላል። ሴቶቹንም ሰር ነው የሚላቸው። ጌታዬና እመቤቴ ከአፋችን ከጠፉ ቆይተዋል፤ ሁላችንም ጓድ ሆነናል። ግጥም ስሞካክር የየቃሉን መውጣትና መግባት እከታተል ነበርና፣ በአዋጅ የተባረረው «ጌታዬ» በቴሌቪዥን በኩል በአጎቴ አፍ ሲመለስ ታይቶኝ ስቄአለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ስብሰባ ተጠራ። ከበላይ የመጣ ካድሬ ከቀበሌያችን የሚፈለገው የዘማች ኮታ በአንድ ሰው እንደጎደለ ተናገረ። «ለእናት አገሩ የሚዘምት ማነው?» አለ። እናቶች ልጆቻቸውን ነጠላቸው ውስጥ ለመክተት ምንም አልቀራቸውም። በዚህ መሐል አጎቴ ተጨማሪ አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ። በሩን እንደከፈተው ተወው፤ ነፋስ ገባና ከካድሬው ፊት ያለውን ወረቀት በተነው። ካድሬው ዞሮ ጣቱን ቀሰረበት።

«አንተ!»

«የስ ሰር!»

ወንበሩን ለቆት ነበር፤ አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ ወደቀ። የሳቀ ሰው የለም። ካድሬው «ሰር» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ያንን ቀልድ አንድም ሳምንት የማያመልጠው ሊቀመንበራችን ግን ቶሎ ብሎ ተነሣና «ጓዶች፣ ዘማቹ ተገኝቷል!» ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። አዳራሹ ተቀበለው። እንዲያ ያለ ጭብጨባ ለመሪም ሲጨበጨብ ሰምቼ አላውቅም። እያንዳንዱ እጅ «የኔ አይደለም፣ የኔ አይደለም» የሚል ይመስል ነበር። እናቴ ከምሰሶ ኋላ ስለተቀመጠች ማን እንደተገኘ አላየችም፤ ድምፁንም የወንበሩ አወዳደቅ ውጦባታል።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዳ እግሩ ላይ ልትወድቅ ደረሰች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ወንድሜ እኮ የዋህ ነው፤ ቀኝና ግራውን እንኳ አይለይም።» እሱም «እንዲያ ከሆነ መኪናው ሳይመጣ ካድሬው ፊት አቅርቢው፤ አይቶ ይፍረድ» አላት። መኪናው የሚመጣው ዛሬ፣ እሑድ፣ ከቀትር በፊት ነው።

«ከባድ ነገር አይደለም» አለች አሁን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ትገባለህ፤ በሩን ክፍት ትተወዋለህ። ለወንበሩም ለጠረጴዛውም ሰላምታ ስጥ። ስምህን ሲጠይቁህ ዝም በል። እንደዚያ እንግሊዝ። በቃ እሱን ሁንላቸው።»

አጎቴ የጫማውን ክር ተወ።

«እሱ ሞኝ ነው እንዴ?»

እናቴ ወደ እኔ አየች።

«ሰው ሁሉ ይወደዋል እኮ» አለ። «ገና ብቅ ሲል ደስ ይላቸዋል። አለቃውን ማን ይወደዋል? እኔንም እንግሊዙ ሲሉኝ…»

«አጎቴ፣ ስለሚወዱህ ነው» አልኩት።

«አንተ ተወኝ፣ አንተ ቃል ማሳመር ታውቃለህ። እትዬ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ነች። ሰፈሩ ሲስቅበት አብራ ስቃ አታውቅም፤ ለምን እንደሚስቁም ነግራው አታውቅም።

«አዎ፣ ሞኝ ነው» አለች። «አንተም ነህ። ሞኝ ነህ፣ ወንድሜ! የሚስቁት ለዚያ ነው። እዚያ ወስደው ጠመንጃ ያስይዙህና ሂድ ያሉህ ቦታ ትሄዳለህ፤ የት እንደላኩህ ሳይገባህ ትሞታለህ። ተነሥ፤ ሞኝነትህን አሳያቸውና ኑርልኝ።»

ከቀበሌው በኩል የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። አጎቴ ተነሣ። የካኪ ኮቱ ትከሻ ላይ ዱቄት ነበር፤ በመዳፉ አራገፈው፤ ያንን ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«ሐሙስ ዕለት አንቺም አጨብጭበሻል» አላት። «ከበሩ ሆኜ አይቼሻለሁ። እጅሽን ከፍ አድርገሽ ነበር። ደስ ብሎሽ ነበር።»

እናቴ አፏን ከፈተች። አንተ መሆንህን አላየሁም ልትለው ትችል ነበር። እንዲያ ካለች ግን የሌላ እናት ልጅ ሊዘምት ነው ብዬ ነው ያጨበጨብኩት ማለቷ ነው። አፏን መልሳ ገጠመችው።

«ካድሬው ዘንድ አብሬህ ልምጣ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «የስ ሰር» አላለኝም። «አልሄድም እሱ ዘንድ» አለ፤ «መኪናው ጋ ነው የምሄደው።»

ደፉን ተሻግሮ ቆመ፤ ዕድሜውን ሙሉ ከኋላው የምንጮኸውን ቃል የሚጠብቅ ይመስላል። ማናችንም አላልነውም። ዞረና ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀስ ብሎ፣ በሩን ዘጋው።