መልሶ የሚመታው የጭድ ሰውዬ

ባለፈው እሑድ የእኅቴ ልጅ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ በሞተር እጁን እያወናጨፈ ካራቴ የሚያለማምድ አሻንጉሊት አሳየችኝ። ጉድ እዪ ትለኛለች። እኔ እቴ! ይኼን ጉድ ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ፍኖተ ሰላም ላይ ሠርቼ ጨርሼዋለሁ።

ያኔ በካራቴ ክለባችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ወንዶቹ አብረውኝ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፤ ግጠሙኝ ስላቸው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ሴት መምታት ነውር ነዋ። ባለው የሚባለው ጎበዛችን እንኳ ቡጢውን አየር ላይ ያስቀረው ነበር። በኅዳር ቡሬ ላይ የሴቶች ውድድር እንዳለ ሲሰማ፣ አሠልጣኛችን ቡጢ መመከት ያልለመደች ልጅ ወስጄ አላስደበድብም ብለው ቆረጡ። ተንገበገብኩ።

የሚገጥመኝ ከጠፋ ልሠራው ነዋ! ጆንያ በጭድ ጠቅጥቄ ጓሯችን ውስጥ ምሰሶ ላይ አቆምኩ። እጆቹን ከወይራ ጠርቤ፣ ትከሻና ክርኑን በእርጥብ የቆዳ ጠፍር ጠፈርኩት። አባቴ ሞፈርና ቀንበር ሲያስሩ እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ሌላ ማሰሪያ መኖሩም ትዝ አላለኝ። በሁለተኛው ቀን ጠፍሩ ደርቆ እጁ ድርቅ ብሎ ቀረ። አባቴ መጥተው ነቀነቁት፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ልጄ፣ ይኼ እርሻ ሊወርድ ነው እንዴ? ጠፍር እኮ ሲደርቅ ነክሶ እንዲይዝ ነው። እጅ ደግሞ መላላት አለበት።"

አፈርኩ፤ ግን ገባኝ። ጠፍሩን ቆርጬ ክርኑ ላይ የበር ማጠፊያ መታሁ፣ ትከሻው ላይ የብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ አሰርኩ። ሁለቱን እጆች በሚሽከረከር እንጨት አያያዝኳቸው፤ ግራውን ሲመቱት ቀኙ ታጥፎ ይመጣል። ስሞክረው አገጬን አገኘኝ። ከንፈሬ እየደማ በደስታ ዘለልኩ።

ወሩን ሙሉ፣ በየደጁ የተሰጣው በርበሬ እያስነጠሰኝ፣ ሰውዬው ደበደበኝ። ኋላ ግን መመከት ለመድኩ። አሠልጣኛችን ለምኜአቸው መጡና በንቀት ግራ እጁን መታ ሲያደርጉት ቀኙ ጆሯቸውን አጮላቸው።

"ለውድድሩ ስምሽን እጽፈዋለሁ" አሉ ጆሯቸውን እያሹ።

ቡሬ ስንደርስ መናኸሪያ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ገዝቼ ቆሜ በላሁ። ተጋጣሚዬ ፈጣን ነበረች። ቀኝ እጇ ሲመጣ ግን የእኔ እጅ ሳላዘው ቀድሞ ተነሣ፤ ደጋግማ ሞከረች፣ ደጋግሜ መክቼ መለስኩላት። ዳኛው እጄን ወደ ላይ ሲያነሣው እልልታውን ለራሴ ራሴ አቀለጥኩት።

ሰኞ ልምምድ ላይ ያ ጎበዛችን ባለው ፊቴ መጥቶ ቆመ። የመጀመሪያው ቡጢው ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ አየር ላይ አልቀረም።

የእኅቴ ልጅ ይኼን ስነግራት፣ ቡጢው አመመሽ ወይ አለችኝ። እንዴታ! ክንዴን ሦስት ቀን ማንሣት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አክብሮኛል፤ እንደዚያ ቡጢ ግን ደስ ያለኝ አክብሮት የለም።