ወይዘሮ ዘሐራ ሦስት የሆኑበት ቀን

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎበዝ ልጅ ቢሮዬ ገብቶ ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። በእኛ ዘንድ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠራ ማንኛውም የኮምፒውተር ሥርዓት ሥራ ከመጀመሩ በፊት እኔ ባለሁበት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይገመገማል። ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ሥርዓት ጋር ይግባባል ወይ? ሌላ ቦታ ያለውን ነገር ደግሞ መሥራት አይሆንም ወይ? ሠሪው ነገ ቢሄድ ማን ይረከበዋል? እየተባለ ይጠየቃል። የዚህን ልጅ ፕሮጀክት ለሁለተኛ ጊዜ መልሰንበት ነበርና ፊቱ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣» አለ፣ «የሚሠራ ነገር ለምን ይገመገማል?»

መሳቅ አልነበረብኝም፤ ግን ሳቅሁ። ይህችን ጥያቄ ቃል በቃል እኔም ጠይቄያታለሁ። ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ፒካፕ ውስጥ፣ ኮምፒውተሬን በጋቢ ጠቅልዬ እንደ ሕፃን ታቅፌ ነበር የጠየቅኋት።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ ቢቸና ውስጥ የገበሬውን የመሬት ይዞታ በሚመዘግብ ጽሕፈት ቤት በኮንትራት ተቀጥሬአለሁ። ኃላፊዬ አቶ አለባቸው ይባላሉ። ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ አንዴ የያዙትን ነገር ግን የማይለቁ ሰው ናቸው። ገበሬው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ፣ መዝገቡ እስኪፈለግ በር ላይ ተቀምጦ ውሎ፣ በመጨረሻ «አልተገኘም፣ ሌላ ቀን ተመለስ» ሲባል ማየት ያንገበግባቸው ነበር። አንድ ቀን ጠሩኝና «ይበልጣል፣ ይህ ኮምፒውተር ደብዳቤ ከመጻፍ ሌላ ሥራ አያውቅም እንዴ?» አሉኝ። ነገሩ የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው።

ከዓመት በላይ ለፋሁበት። መብራት ሲጠፋ እየተራገምሁ፣ ሲመጣ እየመረቅሁ ሠራሁት። የገበሬው ስም ተጽፎ አንድ ቁልፍ ሲነካ ማሳው፣ አዋሳኙ፣ ቀበሌው ከች ይላል። በተለይ ግን የምኮራው በፊደሉ ነበር። አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ልጅ ሆኜ በሐመሩ ሐ ቦታ ሀሌታውን ሀ ከጻፍሁ ምሳ ሳይቀርብልኝ ደጋግሜ እንድጽፍ ያደርጉኝ ነበር። ስለዚህ ሥርዓቱን ስሠራ ፊደል አላደባለቅሁም። ሀ ሌላ፣ ሐ ሌላ፣ ኀ ሌላ፤ ንጉሡ ሠም ከእሳቱ ሰ ጋር አይገናኝም። የአባቴን ትምህርት ለማሽን ያስተማርሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

የቀረው ማጸደቅ ብቻ ሆነ። ከክልል የሚመጡ ባለሙያዎች የየወረዳውን ፕሮጀክት በየከተማው እየዞሩ ይገመግሙ ነበር፤ የዚያን ጊዜ ተራው የሞጣ ነበር። እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልጸደቀ ሥራው ይቆማል፣ ኮምፒውተሮቹ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ፣ የእኔም ኮንትራት እዚያው ያበቃል። አቶ አለባቸው ደግሞ በየቀበሌው ስብሰባ ተነሥተው «ከመስከረም ወዲያ ተመለስ የሚላችሁ የለም» ብለው ቃል ገብተዋል። ገበሬ ፊት የገቡትን ቃል ማጠፍ እሳቸው ዘንድ ከሞት አይሻልም።

የሄድነው ሰኔ ገብቶ መሬቱ ሲርስ ነው። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፤ ፒካፑ ጉድጓድ በነካ ቁጥር እኔ ለራሴ ሳይሆን ለኮምፒውተሩ እሳቀቃለሁ። በስተግራ የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ አይታይም። በሁለቱም በኩል በሬ ተጠምዷል፤ አዲስ የተገለበጠው ጥቁር አፈር ሽታ በመስኮት ይገባል። ያንን ሽታ አሁንም ባገኘሁት ቁጥር ያ መንገድ ትዝ ይለኛል። የሐዋርያት ጾም ነበርና አቶ አለባቸው የባቄላ ንፍሮ በፌስታል አስይዘዋል። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ለሾፌሩም ለእኔም እየዘገኑ ሲሰጡን ቆዩ።

«ጋሼ፣» አልሁ በመጨረሻ፣ «የሚሠራ ነገር ለምን ይገመገማል?»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላል ያገራችን ሰው፣» አሉ። «ይዩልን። ምን ቸገረህ? ንፍሮህን ብላ።»

ሞጣ ስንደርስ ገበያ ነበር። የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳቶች ይጣራሉ፣ ከወዲያ ማዶ አዛን ይሰማል፣ በጎን የማር እንስራ የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተዋል። ግምገማው አንድ ግቢ ውስጥ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ዘሐራ ይባላሉ። እዚያው ሞጣ ተወልደው ያደጉ፣ ኢንጂነሪንግ የተማሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው። ሰው ሲያስረዳቸው አያቋርጡም። አንድ ነገር የደረሱበት እንደሆነ ግን የታችኛውን ከንፈራቸውን ነከስ አድርገው ፈገግታቸውን ይይዙታል። ይህንን ምልክት ያወቅሁት በኋላ ነው እንጂ ያን ዕለት የተስማሙልኝ መስሎኝ ነበር።

ገለጻዬን ልጀምር ብድግ ስል «ቆይ፣» አሉ። «እዚህ ቤት አንድ ደንብ አለን። የሠራው ሰው ኪቦርድ አይነካም። እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ሥራህ የሚኖረው አንተ በሌለህበት ነውና አንተ ሳትኖር ምን እንደሚመስል እንየው።»

ከዚያው ከሞጣ ሦስት ጸሐፊዎች አስጠርተዋል። የመጀመሪያዋን «በይ መሬት አለኝ፣ መዝግቢኝ» አሏት። መዘገበቻቸው፤ ማሳቸውን ሳይቀር አስገባች። እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በኩራት ቆሜአለሁ። ሁለተኛው ተቀመጠና «ፈልገኝ» አሉት። ስማቸውን ጻፈ፤ ማሽኑ «አልተገኘም» አለ። «ካልተገኘሁማ መዝግበኝ» አሉ፤ መዘገባቸው። ሦስተኛዋም ፈለገቻቸው፤ አልተገኙም፤ መዘገበቻቸው።

ከዚያ ዝርዝሩን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አስወጡ። ዘሃራ፣ ዘሀራ፣ ዘሐራ፤ አንድ ማሳ፣ ሦስት ባለቤት። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

«እንግዲህ ሦስት ሆንሁ፣» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ። «መሬቱ የማናችን ነው?»

«ትክክለኛዋ ሦስተኛዋ ናት፣» አልሁ። «በሐመሩ ሐ የተጻፈችው።»

«ማን ነገረህ?»

«እንደ ግዕዙ…»

«ስሜ የአረብ ነው፤ አረቡ ደግሞ ቀላሉን ሀ ነው የሚለው። እዚህ አገር የመርጦ ለማርያም ደብተራም አለ፣ የሞጣ ነጋዴም አለ፤ ሁለቱም መሬት አላቸው። ሰው ቢሮህ ድረስ ስሙን ይዞ የሚመጣው በአፉ ነው፣ በፊደል አይደለም።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «ለመሆኑ ይህንን ገበሬ ሌላ ማን መዝግቦታል?»

«ግብርናው መዝግቦታል። ጤና ጣቢያውም፣ ፍርድ ቤቱም።»

«ጥሩ። ነገ ፍርድ ቤቱ ስለ አንዲት ሴት ይዞታ ይጠይቅሃል፤ እሱ በጻፈው ሀ ትፈልጋታለህ፤ የለችም ትለዋለህ። ያን ጊዜ ማሽኑ ዋሸ አይባልም፣ ልጄ። ሴትዮዋ ዋሸች ነው የሚባለው።»

 አጠገቤ የተቀመጡት አቶ አለባቸው አንገታቸውን ደፉ። ወይዘሮ ዘሐራ ወረቀታቸው ላይ አንዲት ቃል ጻፉ፦ «ይመለስ»።

 ሌሎቹ እስኪገመገሙ ውጪ በረንዳው ግንብ ላይ ተቀምጬ እየተብከነከንሁ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አዳምጥ ነበር። ስብሰባው ሲያበቃ ወይዘሮ ዘሐራ መጡና ሻይ ቤት ወሰዱን። ለእኛ ሽሮ አዘዙልን፣ ለራሳቸው ሻይ። «መለስሁህ እንጂ አልጣልሁህም፣» አሉኝ። «የተጣለውን ሻይ አልጋብዘውም። ከወሩ መጨረሻ በፊት እዚሁ እመለሳለሁ፤ ይዘህ ና።» ከዚያ እስኪመሽ አብረውኝ ተቀምጠው የሠራሁትን አንድ በአንድ አስነገሩኝ። መልሱን ቢነግሩኝ ደስ ባለኝ፤ አልነገሩኝም። ጥያቄ ይጠይቁና ሻያቸውን እየጠጡ እኔው እስክደርስበት ይጠብቃሉ። አባቴ ተማሪዎቻቸው ቅኔ ሲነግሯቸው የሚያደርጉትን ነበር የሚያደርጉት። በትዕግሥታቸው ያን ዕለት ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን የክልል ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ወደ አልጋው መሄድ ሲችል አንድ የወረዳ ኮንትራት ሠራተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ማምሸቱ ይገርመኛል።

 ስንመለስ ደብረ ወርቅ ላይ አቶ አለባቸው «ልክ ናቸው፣» አሉ። «እኔን ያስጨነቀኝም ልክ መሆናቸው ነው።»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሩጫ ነበሩ። አንድ ጠዋት ግቢው ውስጥ ተራ ከሚጠብቁት መካከል ኃይሌ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ አገኘሁና «አባቴ፣ ስምዎ በየትኛው ሀ ነው የሚጻፍ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በትራቸውን ተደግፈው ትክ ብለው አዩኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ፤ እኔ ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።» ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወይዘሮ ዘሐራ ሻይ ቤት ውስጥ በጥያቄ ሲገፉኝ ያመሹት እዚያች ላይ እንድደርስ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ሥርዓቱ ስም ሲፈልግ በድምፅ ብቻ እንዲፈልግ አደረግሁት፤ በየትኛውም ሀ ቢጠሩት አቤት ይላል። በስሙ አጻጻፍ ላይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ጨመርሁ። አባቴ ፊደል ማደባለቄን ሲሰሙ አንድ ቀን ሙሉ አላናገሩኝም።

ሁለተኛ ጊዜ ሞጣ የሄድነው ወሩ ሊያልቅ ሲል ነው። ያው አዳራሽ፣ ያው ደንብ፤ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ። የመጀመሪያዋ ጸሐፊ መዘገበቻቸው። ሁለተኛው በሌላ ሀ ፈለጋቸው፤ ተገኙ። ሦስተኛዋም ፈለገቻቸው፤ ተገኙ። ከግብርና የመጣ ዝርዝር ሰጥተው አስመሳከሩት፤ ያም ተግባባ። ወይዘሮ ዘሐራ ከንፈራቸውን አልነከሱም። አቶ አለባቸው ግን ገና አልተነፈሱም።

«አሁን የይዞታ ምስክር ወረቀቴን አትሚልኝ፣» አሉ ወይዘሮ ዘሐራ።

ጸሐፊዋ ቁልፉን ስትጫን የጨመርኋት ጥያቄ ብቅ አለች፤ ልጅቷም ጮክ ብላ አነበበቻት፦ «ባለቤቷ ስማቸውን እንዴት ይጽፉታል?»

ወይዘሮ ዘሐራ መነጽራቸውን አውልቀው በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት። «ማትሪክ የወሰድሁበት ወረቀት ላይ አንድ ዓይነት ጻፉኝ፣» አሉ ቀስ ብለው። «ዲግሪዬ ላይ ሌላ። ሥራ ልቀጠር ስል አንቺ እሷ አይደለሽም አሉኝ። እኔ እኔ መሆኔን ለማስመስከር ስንት ቢሮ ዞሬአለሁ። እንዴት ትጽፊዋለሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን እስከ ዛሬ የለም።»

«እንዴት ልበል ታዲያ?» አለች ጸሐፊዋ።

«በሐመሩ ሐ።»

አላስቻለኝም። «እንዴ፣ ስሕተት ነው ብለውኝ አልነበር?»

«ነው እንጂ። ግን አንደኛ ክፍል ስገባ መምህሬ እጄን ይዞ ያስጻፈኝ እንደዚያ ነው። አባቴ ፊደል አያውቅም ነበር፤ እሱን የጻፍሁበትን ወረቀት በሱቁ ግድግዳ ላይ ለጥፎት ኖረ። እኔ ያቺ ነኝ።»

ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ስለነበር ማበሻ አልነበረኝም። ወይዘሮ ዘሐራ የማጽደቂያውን ወረቀት ሳቡና ፈረሙ። አቶ አለባቸው ያን ጊዜ ተነፈሱ፤ በመስከረምም ቃላቸውን ጠበቁ።

ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። የተሻለ መጥቶ ተክቶታል፤ ኮምፒውተሮቹም የት እንደ ወደቁ አላውቅም። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኬን የምኖርበት ሥራ ያገኘሁት የጸደቀልኝ ቀን ሳይሆን የተመለሰብኝ ቀን ነው እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ገምጋሚ አይቻለሁ። አንዳንዱ ዐዋቂነቱን ለማሳየት ይጥላል፣ ብዙው ደግሞ እንዳይደክመው ያሳልፋል። ሥራዬን ከእኔ በላይ አክብረው ያዩልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ኮሚቴ ላይ በተቀመጥሁ ቁጥር እንደሳቸው ለመሆን እሞክራለሁ፤ ጥያቄያቸውን ወርሻለሁ፣ ትዕግሥታቸውን ግን ገና አልደረስሁበትም።

ያን ልጅም ምሳ ጋበዝሁትና ሦስት ሰው ፈልጎ በማያውቁት እጅ እንዲያስነካው ነገርሁት። እያጉረመረመ ሄደ። ማታ ሞጣ ደወልሁ። ወይዘሮ ዘሐራ ጡረታ ወጥተው ከልጃቸው ጋር ናቸው፤ ጆሯቸው ትንሽ ከብዷል እንጂ ደኅና ናቸው። የልጁን ነገር አጫወትኋቸው።

«ተቆጣ?» አሉ።

«በጣም።»

«ጥሩ ነው። ግድ የሌለው ሰው አይቆጣም፤ ይህ ይመለሳል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተም ያን ዕለት ግንቡ ላይ ተቀምጠህ ስትናደድ በመስኮት አይቼሃለሁ። ሻይ የጋበዝሁህ ለዚያ ነበር።»