መስመሩን የዘጋሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ አቃቂ ለእኛ የአዲስ አበባ ጫፍ አልነበረችም፤ የራሷ ጣቢያ፣ የራሷ ወንዝ፣ የራሷ ኩራት ያላት ከተማ ነበረች። ያኔ የጣቢያው ሰፈር ሰዎች በየዓመቱ፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ በሚውለው እሑድ፣ ከተማቸውን ለእንግዳ ያስጎበኙ ነበር። እንግዶቹ ከለገሃር በባቡር ይመጣሉ፤ የድሮ ባቡሮች ውሃ ይቀዱበት የነበረውን ማማ፣ የወንዙን ድልድይ፣ የመጀመሪያዎቹ የባቡር ሠራተኞች የኖሩባቸውን የድንጋይ ቤቶች እየዞሩ ያያሉ። ሲመሽ በጣቢያው ግቢ እሳት ይነድዳል፤ የፋብሪካ ሠራተኞች አኮርዲዮን ይጫወታሉ፤ በመጨረሻም፣ የመመለሻው ባቡር ከመድረሱ በፊት፣ አያቴ ተረት ያወራሉ።

አያቴ፣ ሰፈሩ ሁሉ አባባ ደምሴ የሚላቸው፣ ዕድሜያቸውን የፈጁት በጣቢያው ስልክ አጠገብ ነበር። ባቡር ከአቃቂ ከመነሣቱ በፊት ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ደውለው «መስመሩ ክፍት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ከወዲያ «ክፍት ነው፣ ይለፍ» የሚል መልስ ካልመጣ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። ጡረታ ከወጡ በኋላ ይህንኑ ሥርዓት ወደ ተረት አመጡት። እራት ተበልቶ ከተነሣ በኋላ፣ ከሰሉ አመድ እየለበሰ ሲሄድ፣ የፋኖሱን ብርሃን ዝቅ ያደርጉና ወደ እኔ ዞር ብለው መስመሩ ክፍት መሆኑን ይጠይቁኛል። እኔ «ይለፍ» ካላልኩ ተረት አይነሣም። አንድ ማታ ታላቅ ወንድሜ ቀድሞኝ ቢመልስ፣ የጠየቁት ሌላ ጣቢያ መሆኑን ነግረው ዝም አሰኙት። ያንን ንግግራቸውን ለወራት በልቤ ይዤው ዞሬያለሁ።

ጫልቱ እኩያዬ ነበረች። አባቷ የመኪናው መንገድ ሃዲዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ዘበኛ ነበሩ፤ የእናቷ ወገኖች ከወንዙ ማዶ ያርሱ ነበር። ወተት ልታደርስ ቤታችን ስትመጣ አንድ ሁለት ተረት ሳታዳምጥ አትመለስም። አያቴን «አካኮ» ትላቸዋለች፤ በኦሮምኛ አያቴ ማለቷ ነው፤ እሳቸውም «ወዬ» ይሏታል። በዚያች «አካኮ» በምትል ቃል እንገበገብ ነበር። የእኔን አያት በሌላ ቋንቋ የራሷ ያደረገቻቸው ይመስለኛል። በተረቱ መሃል ጥያቄም ታነሣለች፤ ቀበሮዋ ለምን በሌላ መንገድ እንዳልሄደች ትጠይቃለች፤ አያቴ ቆም ብለው ያስቡና በዚያው ማታ ተረቱን ይለውጡላታል። ለእኔ አንድም ቀን ተለውጦልኝ አያውቅም። ጠይቄ ስለማላውቅ መሆኑ ያኔ አልታየኝም።

ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ጊዜ አያቴ ለዚያ የጉብኝት በዓል አዲስ ተረት ማሰናዳታቸው ተሰማ። እኔን እንኳ አላቀመሱኝም። በዕለቱ ከእንግዶቹ ኋላ ማማውንም ድልድዩንም ዞርኩ፤ ዓይኔ ግን ምንም አላየም፤ ድምፄ እንዳይሰልል ጉሮሮዬን እየጠራረግሁ መልሴን እለማመድ ነበር። ሲመሽ እሳቱ በአሮጌ የሃዲድ እንጨት ነደደ፤ ሬንጅ ሬንጅ የሚል ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ በጣቢያው ጣሪያ ሥር ተጠመጠመ። አያቴ የጣቢያ ፋኖሳቸውን እግራቸው ሥር አኑረው ተቀመጡ። በስተቀኛቸው ያለውን ዱካ ልይዝ ስጠጋ፣ እጃቸውን ዘርግተው ጫልቱን ጠሩና በዱካው ላይ አስቀመጧት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ ሁልጊዜም አለህ» አሉኝ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ዛሬ እሷ ትመልስ።»

ከዚያ የበለጠ መተማመኛ ቃል ሰጥተውኝ አያውቁም፤ ይህን የምለው ግን አሁን ነው። ያኔ የሰማሁት «ዛሬ እሷ» የሚለውን ብቻ ነበር።

ሕዝቡ ጸጥ አለ። አያቴ በዚያ የስልክ ድምፃቸው መስመሩ ክፍት መሆኑን ሲጠይቁ፣ ጫልቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት ከኋላ ጮኽኩ፤ «ዝግ ነው።»

እንግዶቹ የጨዋታው አካል መስሏቸው ሳቁ። ባርኔጣ ያጠለቁ አንድ የከተማ ሰው፣ እንግዲያውስ በአውቶቡስ መምጣት ነበረብን ብለው ሳቁን ጨመሩበት። የሰፈራችን ሰው ግን አልሳቀም፤ የተባለውን ያውቃል። አያቴ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ዝግ በተባለ መስመር ላይ ባቡር ለቀው አያውቁም፤ «ዝግ» ያለው ሰው ራሱ «ክፍት» እስኪል ድረስ፣ ሌላው ቢምል ቢገዘት አይሰሙም ነበር። አሁንም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«የዘጋው ይክፈተው» አሉ። «እኔ እጠብቃለሁ።»

ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ፣ «አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋና መስመሩን ክፈት» ሲሉኝ ሰዉ እንደገና ሳቀ። እናቴ በዓይኗ ለመነችኝ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዝምታውን ሊሸፍን አንድ ዘፈን ጀመረና ተወው። በመጨረሻ ጫልቱ ከዱካው ተነሥታ ወደ እኔ መጣች፤ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ፣ «በቃ አንተ መልስ፤ ትቼልሃለሁ» አለችኝ።

ልቤን የቆለፈው ይህ ነው። ቦታውን አያቴ ቢመልሱልኝ ኖሮ እከፍተው ነበር፤ ከእሷ እጅ ተሰጥቶኝ መቀበል ግን ከመነጠቁ የባሰ ሆነብኝ። ፊቴን ወደ ሃዲዱ አዞርኩ። ፍሙ እየጠቆረ፣ ጭሱ እየቀጠነ ሄደ፤ ባቡሩ ከዱከም በኩል ሲያፏጭ እንግዶቹ ልጆቻቸውን እየሰበሰቡ ተነሡ። ተረቱ ሳይነሣ ቀረ።

አያቴ አልተቆጡኝም። በማግስቱ ማታ አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ሳልጠየቅ፣ መስመሩ ክፍት መሆኑን ብነግራቸው፣ «እንግዶቹ እኮ ሄደዋል» ብለው ከዚህ በፊት የሰማሁትን ሌላ ተረት ጀመሩ። ያን አዲሱን እንዲነግሩኝ ልለምናቸው ብዙ ማታ አስቤያለሁ፤ ለምኜ ግን አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አያቴ ታመው አልጋ ያዙ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫልቱ የወተት ዕቃዋን ታቅፋ ከክፍላቸው ስትወጣ አገኘኋት፤ ዓይኗ ርሷል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። ያን በበዓሉ ዕለት የቀረውን ተረት እንደነገሯት ገለጸችልኝ።

«ና ቁጭ በል፤ ሳልረሳው ልንገርህ።»

«አውቀዋለሁ» አልኳት። «ለእኔ ድሮ ነግረውኛል።»

ትንሽ አየችኝና የወተት ዕቃዋን እንደታቀፈች ሄደች። አያቴ በዚያው ሳምንት ዐረፉ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤያለሁ። የተረት ስብስብ ባገኘሁ ቁጥር፣ የየትኛውም አገር ይሁን፣ አንድም ገጽ ሳልዘልል እዘልቀዋለሁ፤ የምፈልገውን ግን ባገኘው እንኳ አላውቀውም። ስለ እንስሳ ይሁን ስለ ንጉሥ አላውቅም። የማውቀው፣ የሰማው ሰው እያለቀሰ እንደሚስቅ ብቻ ነው። ጫልቱ ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፤ በልቅሶውም በሠርጉም እንገናኛለን፣ ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ውሃ መጥፋት እናወራለን። ብጠይቃት ትነግረኛለች። ለመጠየቅ ግን በቅድሚያ በዚያ ቀን መዋሸቴን መናገር አለብኝ፤ እስካሁን አልሆነልኝም። በቅርቡ ደግሞ ደጃፏ ላይ ስንሰነባበት፣ የልጅ ልጇ ቀሚሷን እየጎተተች፣ የትናንቱን ተረት ማታ እንድትጨርስላት ስትጨቀጭቃት ሰማሁ። የትኛው ተረት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ቀናሁባት።