የተዘበራረቀው ቅጂ

ባለፈው ሳምንት የጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። አዲስ መግዛት የሚያመኝ ሽማግሌ ስለሆንኩ ሙጫ ገዝቼ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ቱቦውን ስጫነው የወጣው ሽታ ግን ጫማውን አስረስቶኝ፣ አንጠልጥሎ ወስዶ ዳላስ አጠገብ ፋርመርስ ብራንች፣ የድሮው አፓርታማችን የምግብ ጠረጴዛ ላይ ጣለኝ። ሃምሳ ያልሞላው ሰው ራሱን ሽማግሌ ሲል ያስቅ ይሆናል፤ ቢሆንም ጉልበቴና ልጄ በዚህ ጉዳይ ከተስማሙ ቆይተዋል። ያን ጊዜ፣ በዘጠናዎቹ መካከል፣ ከቴሌቪዥን ፊት የማልነቀል የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ።

አባባ ቀን ቀን በዲኤፍደብሊው፣ በዳላሱ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ይነዳ ነበር፤ ሲመለስ እጁን ታጥቦ፣ ከአገር ቤት በእቅፉ ይዞት የመጣውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ይቀጠቅጥ ነበር። የሚጽፈው ልብ ወለድ ተሰማ ስለሚባል የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበር። በዚያ የጸደይ ወራት ቅዳሜ ጠዋት፣ ካርቱኑ ልክ ሲጣፍጥ፣ «ና እስቲ፣ አማርኛህ እንዳይጠፋ» ብሎ ይጠራኝና የጻፈውን ገጽ ጮክ ብዬ እንዳነብለት ያደርገኝ ነበር። እኔም ቶሎ ጨርሼ ለመሮጥ እያነበነብኩ ስወርድ፣ «ቀስ በል አንተ! መኪናው አቀበት ላይ ነው፣ ቁልቁለት አስመሰልከው!» ይለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን የቫኑን ሥራ ትቶ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ መጫን ጀመረ። እማዬ ምክንያቱን ብትጠይቀው «መንዳት ሰለቸኝ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም።

ጎረቤታችን ሚስ ሎሬታ ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች፤ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ወጥ ቤት፣ የፍቅር ልብ ወለድ የምትጽፍ። ትልልቆቹ አሳታሚዎች ጽሑፏን ደጋግመው ሲመልሱባት ራሷ አሳትማ፣ በመኪናዋ ኋላ ጭና፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍና ፀጉር ቤት እየዞረች ትሸጥ ነበር። አባባን «ፕሮፌሰር» ነበር የምትለው። «ፕሮፌሰር፣ ሰው በር እስኪከፍትልህ ከጠበቅክ ታረጃለህ፤ የመኪናህን የኋላ በር ራስህ ክፈተው» አለችው አንድ ቀን። እሱም ተረጎምኩለት አልተረጎምኩለት ሳይጠብቅ ከት ብሎ ሳቀ።

በጋው ገብቶ አስፋልቱ ጫማ ሲያጣብቅ መጽሐፉ አለቀና ሚስ ሎሬታ ወደምታሳትምበት ትንሽ ማተሚያ ቤት ተወሰደ። አባባ የገጽ ቁጥሮቹን በግዕዝ አኀዝ መትቷቸው ነበር። እማዬ «ፈረንጁ ምን ብሎ ሊያነበው ነው?» ብትለው፣ «በገዛ መጽሐፌ ላይ የተውሶ ቁጥር አይቆምም!» ብሎ ደረቱን ነፋ፤ እኔም ምኑም ሳይገባኝ ደረቴን ነፋሁ። ታዲያ የገጹ ቁልል ከአታሚው እጅ አምልጦ ወለሉ ላይ ተበተነ። አታሚው ደግ ሰው ነበር፤ ከላይና ከታች የተሰመረባቸውን ቁጥሮች ጌጥ አድርጎ ስላያቸው፣ ደስ እንዳለው ደርድሮ አንድ የናሙና ቅጂ ጠረዘና አባባን «እይና ፈቃድህን ስጠኝ» ብሎ ጠራው። ሚስ ሎሬታ ናት በመኪናዋ የወሰደችው። በኋላ እንደነገረችን፣ መጽሐፉን መስኮቱ ጋ አስጠግቶ፣ ቅጠል በቅጠል እየገለጠ፣ በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ቆየና «ቆንጆ ነው፣ ይታተም» ብሎ ፈረመ።

ካርቶኖቹ ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ የከፈተችው እማዬ ነበረች። እንደቆመች ጥቂት ገጽ አነበበችና፣ «አንተ፣ ተሰማ እኮ እዚህ ጋ ሞተ! ወዲያው ደግሞ ቁርስ ይበላል?» አለች።

እኔ በሳቅ ፈረስኩ። ሌላ ቅጂ አነሳች፤ እዚያም ሞቶ ይበላል።

«ሳትፈርም አላየኸውም?»

አባባ የካርቶኑን ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። እማዬ ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘቅዝቃ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱም እንደተዘቀዘቀ ተቀብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቅጠሉን ገለጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው በቀስታ።

«ጥግ ጥጉ መጨለም ከጀመረ ቆየ። የሰው ልጅ ጭኜ መንዳት ፈራሁ። መጽሐፌን በዓይኔ ልየውና እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር።»

ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረችውም ብዙ አትቆይም። የቅዳሜው ንባብም ያን ጊዜ ገባኝ። እየጠፋ የነበረው የእኔ አማርኛ ብቻ አልነበረም ለካ።

የአባባ ምኞት አንድ ብቻ ሆነ፤ የተስተካከለውን መጽሐፉን አንድ ጊዜ በዓይኑ ማየት። መኸሩን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችን ፋብሪካ ሆኖ ይጠብቀኝ ነበር። እማዬ ከአዛውንት መጦሪያው ሥራዋ ገብታ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ጥራዙን በቢላ ትፈታለች፤ በአንድ ፊታቸው ብቻ የታተሙትን ገጾች በጠረጴዛው ዙሪያ እንከምርና አንዳችን ከሌላችን ኋላ እየዞርን አንድ በአንድ እናነሳለን። ሚስ ሎሬታ ቁጥሮቹን መዳፏ ላይ ጽፋ ትዞር ነበር። «ይሄ እግሩን ያነባበረው ስንት ነበር?» ስትለኝ እነግራትና፣ እኔው ስሳሳት እማዬ ከኋላዬ በጥፊ ለመምታት እጇን ታነሳለች። አባባ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጦ በዳበሳ ሙጫ ይቀባል፤ የሚደርቀውንም እንደ ሕፃን ጀርባ ቸብ ቸብ ያደርገው ነበር። እማዬ የምትሽቀዳደመው ከዓይኑ ጋር ነበርና አሥሬ «ቶሎ በሉ!» ትለን ነበር።

የመጀመሪያው ትክክለኛ ቅጂ እንደደረቀ መስኮቱ ጋ ወስዳ እጁ ላይ አደረገችለት። ወደ ፊቱ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው።

«ሽፋኑ ቀይ ነው፣ አይደል?»

ሽፋኑ ሰማያዊ ነበር። እኔ ሰው ማረም የምወድ ልጅ አፌን ስከፍት እማዬ በዓይኗ ዘጋችኝ።

«ቀይ ነው» አለችው። «ደማቅ ቀይ።»

«አምሮበታል» አለ አባባ።

ክረምት ላይ፣ መንገዱ በረዶ በጋገረበት ሰሞን፣ በደቡብ ዳላስ አንዲት የጥቁሮች መጻሕፍት መደብር ጸሐፊዎችን ለውይይት ጠርታ ሚስ ሎሬታ አባባን ይዛው ሄደች፤ እኔ መሪና አስተርጓሚ ነበርኩ። አንድ የቀድሞ ፖስተኛ ስንት አሳታሚ እንዳባረረው እየሳቀ አወራ፤ ሚስ ሎሬታም ስለ መኪናዋ ኋላ አወራች። የአባባ ተራ ሲደርስ የመጀመሪያውን ገጽ አስነበበኝ፤ ተሰማ ማለዳ ተነስቶ የመኪናውን መስታወት ይወለውላል። ስሳሳት አባባ በቃሉ ያርመኛል፣ ሰዉም የትርኢቱ ክፍል መስሎት ያጨበጭባል። ከዚያ አንዲት ሴት «እዚህ ይህን ቋንቋ ማን ያነብልሃል?» ብላ ጠየቀች።

አባባ ትከሻዬን ፈልጎ አገኘውና፣ «አንድ አንባቢ አለኝ፤ እሱም ካርቱን እያመለጠው ነው» አለ። እኔ ስተረጉም ሁሉም ሳቀ። እጁ ግን ትከሻዬን ጨምድዶ እንደያዘ ቀረ።

አባባ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። እኔም ወግ ደርሶኝ በእንግሊዝኛ አንድ መጽሐፍ አሳተምኩ፤ ገጾቹን ኮምፒውተሩ ራሱ ቆጠራቸው፣ ማንም በጠረጴዛ ዙሪያ አልዞረም፣ ምንም ሙጫ አልሸተተም። ከአባባ የወረስኩት ጽሕፈቱን ብቻ አይደለም፤ የዓይኑንም ግፊት ነው። ቶሎ ስለተደረሰበት ጠዋትና ማታ ጠብታ አደርጋለሁ፤ ግማሹን ጉንጬ ላይ ስለማፈሰው ያየኝ ሁሉ የማለቅስ ይመስለዋል፤ እኔም አላስተባብልም። አባባ የደበቀንን እኔ ለልጄ ሐኪሙ የነገረኝ ዕለት ነገርኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ታነብልኛለች፤ ለምን እንደምታነብልኝም ታውቃለች።

የምታነብልኝም ያኔ ከእማዬ ቢላ ካስቀረሁት ቅጂ፣ ከተዘበራረቀው ነው።

«ዳዲ፣ ኦኬ፣ ግን ይሄ ገጽ አይሄድም» አለችኝ ባለፈው ቅዳሜ። «ሰውዬው ሞቷል እኮ።»

«አውቃለሁ፤ ቀጥዪ።»

በትክክለኛዎቹ ቅጂዎች ተሰማ መጨረሻ ላይ ይሞታል። በዚህኛው ግን መሀል ላይ ይሞትና፣ ቁርሱን ይበላና፣ በመጨረሻው ገጽ ማለዳ ተነስቶ መስታወቱን ይወለውላል። ሞተሩን ሲያስነሳ መንገዱ እስከ ተራራው ጫፍ ወለል ብሎ ይታየዋል።