ከአስራ ስድስት በታች

ኡበይድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ሙያውን የተማረው ጅዳ ነው። አስራ አንድ ዓመት በሰው ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ ኤሲ ሲገጥምና ሲፈታ ኖሮ፣ ወገቡ እምቢ ሲለው እናቱን ዑምኩልሱምን ሊጦር ተመለሰ። ከመመለሱ በፊት ታናሽ ወንድሙን ባድሩን እዚያው ሾፌርነት አስቀጥሮት ነበር። «ሁለት ዓመት ሠርተህ ትመጣለህ» ብሎ የወሰደው እሱ ነው። ሁለቱ ዓመት ዘጠኝ ሆነ።

ሐይቅ ላይ ኤሲ ፈላጊ የለም፤ ከውሃው የሚነሳው ነፋስ ይበቃል። ኡበይድ በከተማው የገጠመው አንድ ብቻ ነው። እሱንም የፔንሲዮን ባለቤቱ ዝናው «እንግዳ ይጠይቀኛል» ብሎ ከኮምቦልቻ ያስመጣው ነው።

ዑምኩልሱም ያረፈችው ሐሙስ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው። ሳምንት ያህል ታማ ሰንብታለች። በመጨረሻው ቀን ሁለት ነገር ብቻ ነበር የምትለው፤ አንዱ «ባድሩ መጣ?»፣ ሌላው «ስሞት አታሳድሩኝ»።

ለባድሩ በስልክ ያረዳው ራሱ ኡበይድ ነው። ባድሩ ጮኸ።

«እንዳትቀብሯት! ዛሬውኑ እነሳለሁ፤ ነገ ከአሱር ሶላት በፊት እደርሳለሁ። ፊቷን አንዴ ልየው፣ ወላሂ አንዴ ብቻ!»

«አታሳድሩኝ ብላለች እኮ፣ ወንድሜ። ሸህ ኑርዬም ቀብሩ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይሁን ብለዋል።»

«የዝናው ኤሲ አለ አይደል? አምጣና እሷ ያለችበት ክፍል ግጠመው። መጨረሻው ድረስ አውርደው!»

«መጨረሻው አስራ ስድስት ዲግሪ ነው።»

«ከዚያ በታች አውርደዋ! አንተ ባለሙያ አይደለህ?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ኡበይድ ለማንም ሳይናገር ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ፔንሲዮኑ ሄደ። ዝናው ነገሩን ሲሰማ «ነፍስ ይማር፤ ውሰደው፣ ግድግዳውን ብትንደውም ግድ የለኝም» አለው።

ኡበይድ ግን ወዲያው አልፈታውም። ኤሲው ያለበት ክፍል ገብቶ አበራውና ሪሞቱን ተጫነ። ሃያ። አስራ ስምንት። አስራ ስድስት። እንደገና ተጫነ፤ ማሽኑ ጢጥ አለ እንጂ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ደግሞ ተጫነ። ጅዳ እያለ ይህን ነገር ለስንቱ አስረድቷል! አሁን ግን ምንም እንደማያውቅ ሰው አውራ ጣቱ እስኪነጣ ይጫነዋል።

«ተበላሽቶ ነው?» አለ ዝናው ቀስ ብሎ።

«አይ፣ ሲሠራም እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ቱቦ ከክፍሉ በጣም ይቀዘቅዛል። ክፍሉን ከዚህ በታች ላውርድ ካልክ፣ ከአየሩ የሚይዘው እርጥበት ቱቦው ላይ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። በረዶው የአየሩን መንገድ ይዘጋዋል፤ ውጭ ያለው ኮምፕረሰርም ሲታገል ይቃጠላል። ለዚያ ነው ሰሪዎቹ ገደብ የሚያበጁለት። ደግሞም ለሰው ነው የተሠራው። ለሚተነፍስ ሰው። ከዚህ ካለፈ ይበርደዋል ብለው…»

አልጨረሰውም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አለቀሰ። እናቱ ካረፈች ወዲህ ሲያለቅስ ገና መጀመሪያው ነበር።

«ቤታችን በማለዳ ከዚህ ይብስ ይበርዳል እኮ» አለ። «ይሄ ምን ያደርግላታል?»

«ደሴ አስከሬን ማቆያ አለ። መኪና ልፈልግልህ?»

«አታሳድሩኝ ብላኛለች፣ ዝናው።»

ወደ ቤት ሲመለስ አጥበዋት ከፈን አልብሰዋታል፤ ፊቷ ብቻ አልተሸፈነም። ኡበይድ ለባድሩ ሊያሳየው በቪዲዮ ደወለ። ስልኩ ዝግ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ባድሩ አውሮፕላን ውስጥ ይሆናል። ፎቶ ላንሳት ብሎ ስልኩን ቀና አደረገ፤ እጁ እምቢ አለው። ሸህ ኑርዬ ትከሻውን ይዘው «አብሽር፣ አይዞህ ልጄ። እንግዲህ ሸፍኗት» አሉት።

ከዙሁር በኋላ ሰገዱባት። ኡበይድ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ በእጁ ተቀበላት።

ባድሩ አርብ፣ እንዳለውም ከአሱር በፊት ደረሰ። ሻንጣውን መንገድ ላይ ጥሎ መቃብሩ አጠገብ ተንበረከከ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። ቀና ሳይል፣ «ምናለ ብትሞክረው?» አለ።

ኡበይድ ፔንሲዮን ሄጄ ነበር ሊለው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። የሚቆጣበት ሰው ቢያጣ ወንድሙ በገዛ ራሱ ላይ ይነሳል ብሎ ፈራ። ዘጠኝ ዓመት የቀረው እኮ ባድሩ ራሱ ነው። «አፉ በለኝ» ብቻ አለው። ባድሩ ተነስቶ ሳያየው አልፎት ሄደ።

በሳምንቱ ወደ ጅዳ ተመለሰ። ዛሬም ይደውላል፤ የሚደውለው ግን ለጎረቤታቸው ለመስኡዳ ነው። መስኡዳ አነጋግራው ስትጨርስ በኡበይድ ሱቅ በር ብቅ ትልና «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ» ትለዋለች። ኡበይድም አልሐምዱሊላህ ይልና፣ ስለ እኔ ጠየቀ ወይ ሳይላት፣ ወደ ሥራው ይጎነበሳል።