አናቱ ክፍት ኮፍያ

ሀብትነሽ አልትራሳውንድ ማንሳት ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። የካዛንቺስ ቤቷ ለልማት ፈርሶ ከተማ ዳር ከወጣች ወዲህ እንኳ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ ከሁሉ ቀድማ ሆስፒታል የምትደርሰው እሷ ናት። እንደደረሰች ለምርመራ የሚቀባውን የጄል ጠርሙስ እንዲሞቅ ብብቷ ሥር ትሸጉጣለች። "የጨቅላ አናት ላይ ቀዝቃዛ ነገር አላፈስም" ትላለች። ድሮ የሳቁባት ወጣት ባለሙያዎች ዛሬ ብብታቸው ሥር ጠርሙስ ይዘው ሲዞሩ ሳይ፣ አብሬያት የምሠራው እኔም መሳቄ አልቀረም።

ወጣቱ ዶክተር ታዲዎስ የጨቅላ ሕፃናትን መስማት የሚመረምር ጥናት ይዞ ሲመጣ ይህችን ሴት ማግኘቱ ዕድል ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የአንጎል ሕዋሳት ሥራ ሲይዙ ደም ወደ እነሱ ይፈጥናል፤ ሥራ ለበዛበት ጓዳ ውሃ ቶሎ ቶሎ እንደሚቀዳ። የሕፃን አናት ላይ ያለውን እርግብግቢት ገና አጥንት አልሸፈነውምና፣ አዲሱ አልትራሳውንድ በዚያ በኩል ደሙን ያያል። ሕፃኑ ድምፅ ከሰማ፣ ድምፅ የሚቀበለው የአንጎሉ ክፍል ይነቃል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላም ደሙ ሲጨምር ስክሪኑ ላይ በቀይ ቀለም ይታያል።

ሀብትነሽ ይህን በሰማች ማግስት ክርና ኪሮሽ ገዛች። ሕፃናቱ እንዳይበርዳቸው፣ ጆሮ የሚሸፍን፣ አናቱ ግን ክፍት የሆነ ኮፍያ መሥራት ጀመረች። ማንም አላዘዛትም።

ሃያት የቄራ ልጅ ናት። የበኩር ልጇ ጠልሐ ሲወለድ ታፍኖ ነበር፤ ሳያለቅስ ብዙ ቆየ። ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ ስትጠራው ያው ዝም ነው። እናቷን እማማ ፋጤን አስከትላ የመጣችው አንድ ነገር ለማወቅ ነው፤ ልጄ ይሰማኛል ወይስ አይሰማኝም?

ዘወትር ኮፍያውን የምታለብሰው ሀብትነሽ ራሷ ናት። ያን ቀን ግን አያትን ላክብር ብላ፣ "እርስዎ ያልብሱት፣ እጅዎን ያውቀዋል" አለቻቸው። ጄሉ ፈሰሰ፣ መሣሪያው እርግብግቢቱ ላይ አረፈ።

"ጠልሐ! የኔ ዓለም!" አለች ሃያት።

ስክሪኑ ላይ ምንም አልተለወጠም። ደግማ ጠራችው። ለሦስተኛ ጊዜም ጠራችው።

ውጭ ብዙ እናቶች ተራ ይጠብቃሉ። ዶክተር ታዲዎስ ብዕሩን አነሳ። "በቃ፣ ምላሽ የለም ብለን እንመዝግብ። ማለቴ… ሌላም ምርመራ አለ።" ይህን ብሎ መዝገቡ ላይ ጻፈ።

"ቆይማ ዶክተር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለች ሀብትነሽ። ዛሬ ኮፍያውን ራሷ እንዳላለበሰች፣ ጆሮውንም እንዳልዳሰሰች ትዝ ብሏት ነበር። ጣቷን ከኮፍያው ሥር አስገባች። ሁለቱም ጆሮዎች በጥጥ ተወትፈዋል።

"እማማ ፋጤ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ለመንገዱ ነዋ፣ ልጄ! ብርድ የሚገባው በጆሮ ነው። በቅቤ አርሼ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩለት።"

ሌላ ሰው ቢሆን አሮጊቷን ይቆጣ ነበር። ሀብትነሽ ግን ወደ ዶክተሩ ዞር ብላ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። ጆሮውን ሳልዳስስ ማንሳት አልነበረብኝም። እንድገመው" አለች። የሃያ ስድስት ዓመት ባለሙያ፣ ልጇ በሚሆን ሰው ፊት እንዲህ ስትል እንዴት አትወደድም!

ጥጡ ወጣ። አሁን ደግሞ ሃያት መጥራቱን ፈራች። አሁንም ዝም ካለ በምን ታመካኛለች?

"ጥሪው። እኔ ይዤልሻለሁ" አለቻት ሀብትነሽ።

ሃያት ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ ጠራችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ አለፈ። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ቀለም ከዳር እየደመቀ መጣ። ዶክተር ታዲዎስ የጻፈውን ሰረዘ። "ስለ ነገው ገና አናውቅም" አለ፤ ፈገግታውን ግን መደበቅ አልቻለም።

ሃያት ስክሪን ማንበብ አትችልም። "ምን አለ? ምን አለ?" እያለች የሀብትነሽን ክንድ ያዘች።

"አቤት አለሽ" አለቻት ሀብትነሽ።