ባሕር የቀረበት ጠላቂ

ልደቱ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ጠላቂ ሳለ ውኃ ውስጥ ፊልም ያነሣ ነበር። ኤርትራ ራሷን ስትችል ባሕሩም አብሯት ሄደ፤ እሱም ጉርድ ሾላ የመጋዘን ዘበኛ ሆነ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የድሮ ባልደረባው ከጅቡቲ ደወለለት።

«ፈረንጆች ስለ አንበሳ ዓሣ ፊልም ሊሠሩ ነው። የኛው የቀይ ባሕር ዓሣ የሌላ አገር ባሕር ገብቶ፣ የአገሬውን ዓሣ እየፈጀ ነው አሉ። እዚህ መነሻው ላይ የሚያነሣ ጠላቂ ይፈልጋሉ፤ ቶሎ ና!»

ልደቱ የድሮ የጠላቂ ትንፋሹን ሊመልስ በየማለዳው እንጦጦን ይወጣ ጀመር። ከመሄዱ በፊት ግን የጤና ምርመራ ተጠየቀ።

«ጋሼ፣ ልብዎ ደክሟል፤ ከጠለቁ አይወጡም» አለው ሐኪሙ።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ ዓለም ሻንጣውን አዘጋጅታ ጠበቀችው።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ቀረ» አላትና ከነጫማው አልጋው ላይ ተጋደመ። ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ ቁም ሣጥኑ ስትመልስ ዞሮም አላያት።